ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ ያልኩ ዕለት

ያቺን አጭር ፊልሜን ባሳየሁበት ቦታ ሁሉ የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ። መብራት ይበራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ማይክራፎኑ መዞር ይጀምራል፤ ከዚያ አንዱ ይነሳና፣ «መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ነጠላቸውን ካሜራው ላይ የጣሉት ምንን ለማመልከት ነው?» ይለኛል። እኔም አንዳንዴ ስለ ዝምታ፣ አንዳንዴ ስለ ክብር እቀባጥራለሁ። አንድ ቀንማ «የሞት መጋረጃ ነው» ብዬ የቀደድኩትን አንድ ተማሪ አጎንብሶ ሲጽፈው አይቼ አፍሬያለሁ። ምንም አያመለክትም እኮ! ነጠላ ነው። እንዴት ካሜራዬ ላይ እንዳረፈ ግን ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ያኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ሰርግ መቅረጽ ነበር። «ሙሽሪት ሳቂ፣ ዞር በይ፣ ኬኩን አጉርሺው፣ አይ አልተያዘም፣ እንደገና አጉርሺው» ስል ስውል ሰው መሳቁ ራሱ ሰለቸኝ። አንድ የራሴ የምለው ሥራ፣ በአንድ ሰው ላይ የሚያተኩር አጭር ፊልም ልሠራ ተነሳሁ። ሰርግ ስለሰለቸኝ ለቅሶ ፈለግሁ፤ ሌላ ጥልቅ ምክንያት አልነበረኝም። በተፈጥሮዬ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ፤ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ፣ ሰው በጣም ሲያከብረኝ «ምን ፈልጎ ነው?» የምል። ደብረ ታቦር ተወልጄ ባድግም የአስፋልት ልጅ ስለሆንኩ የገጠሩን ነገር ከሩቅ ነው የማውቀው።

እማማ ዘሪቱን ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው። ከከተማው በላይ፣ ጉና ተዳፋት ላይ ባለች ብርዳም ጎጥ የሚኖሩ ሙሾ አውራጅ ናቸው። በዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት ይጠራሉ፤ የሟቹን ሥራና መልክ በግጥም እያነሱ ደረቅ ዓይን ሁሉ ያስለቅሳሉ። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ በተከፈተ ሰሞን ነበርና እንግዳ ሰው፣ ያውም ካሜራ የተሸከመ፣ በጥሩ ዓይን አይታይም። ወንድማቸው አያ ደመቀ ናቸው በቀበሌ በኩል ጨርሰው፣ ከታች መንገድ ድረስ ወርደው የተቀበሉኝ። በቅሎዋ ላይ ዕቃዬን ጭነው ሽቅብ ስንወጣ ግን ጥያቄያቸው አላለቀም።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። የራሴ ሥራ ነው።»

«ዓረብ አገር ሰው ይልካሉ የሚባሉት፣ ኤጀንሲዎቹ፣ ከነሱ ጋር ትሠሪያለሽ?»

«ኧረ ምን አገናኘኝ?»

«እንዲያው ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ይደብቃል አልኩ በልቤ።

እማማ ዘሪቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ዓይናቸው ሰውን እስከ ውስጥ የሚፈትሽ ሴት ናቸው። ዙሪያቸውን ስቀርጽ ዋልኩ፤ እጃቸውን፣ እንዝርቱን፣ ከትከሻቸው የማይወርደውን ወፍራም የሱፍ ባና። ከሰዓት ላይ ደፈር አልኩና፣ «ትንሽ ሙሾ ያወርዱልኛል?» አልኳቸው።

«ማን ሞተና?»

«ማንም። ለናሙና ያህል ነው።»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «ለሞት ናሙና አለው? ሰው ሳይሞት ሙሾ አላወርድም ልጄ። ሟርት ነው። አፌን ከፍቼ የጠራሁት እንደሆነ ይመጣል።»

አልገፋሁም። ይልቅ ስለ ልጅ ጠየቅኳቸው። አንዲት ልጅ ነው ያለቻቸው፤ ማርነሽ። እሳቸው ማሬ ነው የሚሏት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። «ድምጿን ከሰማሁ ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ገብሱ ሁሉ ታጭዶ ከዚያ ወዲያ ስንት ገበያ አልፏል። «ስልኳ አይሠራም። ደመቀ ግን ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው፣ ይለኛል። ሰው ሁሉ ደህና ናት ይለኛል።»

ይሄን ሲሉ አያ ደመቀ ከበሩ አጠገብ ነበሩ። የማርነሽ ስም ሲነሳ ፊታቸው ጥቁር አለ፤ በጎቹን የሚያይ መስለው ወጡ። እኔም አየሁ፣ እማማ ዘሪቱም አዩ።

ልሰናበት ስል የነገውን ሥራ አስረዳኋቸው። የፊልም ሠሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ ጠዋት የሚወጣውን ለስላሳ ብርሃን እናሳድዳለን። «ነገ የትም እንዳይሄዱብኝ» አልኳቸው።

«የት እሄዳለሁ? ለምን?»

«ሊነጋጋ ሲል፣ ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ።»

«ለምን በዚያ ሰዓት?»

«ለብርሃኑ ነው።»

«ቀን ላይ ብርሃን የለም እንዴ?» አሉና ትክ ብለው አዩኝ።

«የጠዋቱ ይሻላል። ደግሞ ቀድመው እህል ይቅመሱ፤ አንዴ ከጀመርን ማቋረጥ የለም። እሳት ባይነድ ደስ ይለኛል፣ ጭሱ ይረብሸኛል። ጎረቤት ዘመድም ቢኖር ጥሩ ነው፣ ብቻዎን ባይሆኑ። እ... የማርነሽ ፎቶ ካለም አውጥተው ይጠብቁኝ።»

እንዝርቱ ከእጃቸው ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ፤ እሳቸው አላነሱትም። አነሳሁና ሰጠኋቸው። «እሺ» አሉኝ፣ በማይሰማ ድምፅ። «እሺ ልጄ። እጠብቅሻለሁ።»

ያደርኩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺ ቤት ነው። ስገባ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። አንዷ ጉልበቴን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ ከባድ ነው» አለችኝ። ምኑ? ሽቅብ መውጣቱ መስሎኝ፣ «ለምጄዋለሁ» አልኳት። እርስ በርስ ተያዩ። የሺ እራት ስታቀርብልኝ በዓይኗ አታየኝም። አያ ደመቀም ብቅ ብለው በሹክሹክታ አነጋገሯትና እኔን ሰላም ሳይሉ ሄዱ። በቃ፣ ነገ ካሜራዬን ሊቀሙኝ ነው፣ ወይ ሰላይ ብለው ሊያስይዙኝ ነው አልኩ። ቦርሳዬን ታቅፌ ነው የተኛሁት።

ጎህ ሊቀድ ሲል ተነስቼ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማማ ዘሪቱ ግቢ ስደርስ ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ግቢው ሰው ሞልቶታል! ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩን ተደግፈዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ትከሻቸው አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ እማማ ዘሪቱ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም። ጭናቸው ላይ የማርነሽ ፎቶ።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «እንዴት ያሉ ተባባሪ ሰዎች ናቸው!» ነው ያልኩት። ለፊልሜ ብለው ለቅሶ የለበሱልኝ መሰለኝ። ትናንት በከንቱ የጠረጠርኳቸው ሰዎች! ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከፈትኩና ቀረብኩ።

እማማ ዘሪቱ ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «በይ፣ እንዳልሽው አድርጌያለሁ» አሉኝ። «እህልም ቀምሻለሁ። በይ እንግዲህ።»

እኔ ደግሞ ምን ላድርግ የሚሉኝ መስሎኝ፣ «ዝም ብለው እንደ ልማድዎ ይጀምሩ» አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው!

ፎቶውን አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ከውስጣቸው ወጣ።

«ለሰው ልጅ ሳለቅስ በየሰዉ ደጅ፣
ምነው ሳትነግሪኝ ማሬ የኔ ልጅ።»

ግቢው በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ በካሜራዬ ቀዳዳ ፊታቸውን እያየሁ፣ «ትናንት እምቢ ብለው ዛሬ! እንዴት ያለ ነገር!» እያልኩ በደስታ ሰከርኩ። ሌላ ስንኝ ጨመሩ። ሌላም። እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዶ ጠብ ሲል ግን ካሜራውን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ። ይሄ ትወና አይደለም። ማሬ ነው የሚሉት። ማሬ ልጃቸው ናት።

አጠገቤ ወደነበረችው የሺ ዞር አልኩ። «ማርነሽ ሞታለች እንዴ?»

የሺ በእንባ የራሰ ፊቷን አዙራ እንደ እብድ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ መርዶውን ይዘሽ የመጣሽው?»

«ቆይ! ቆይ! ኧረ በእመቤቴ! ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ምንም አላውቅም! ልጅቷን አይቻትም አላውቅ!»

ዝም ያለልኝ የለም። ለቅሶው እንዲያውም ባሰ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው፣ «ተይ ልጄ፣ ካወቀች በኋላ ምን ይደበቃል?» አሉኝ በርኅራኄ። ለካ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ምንም የለም፣ ትንሽ አሟት ነው። በካድኩ ቁጥር ልጅቷን ይበልጥ ገደልኳት።

እማማ ዘሪቱ እጃቸውን አነሱ፤ ግቢው ጸጥ አለ። «አንቺ ልጅ» አሉ። «የዚህን አገር መርዶ ሁሉ ከፊት ሆኜ የምነግረው እኔ ነኝ። ሰውዬው የትም እንዳይሄድ እናስይዘዋለን። ሊነጋጋ ሲል እንገባለን፣ ቀኑን ሙሉ አልቅሶ እንዲወጣለት። ቀድሞ እህል እንዲቀምስ እናደርጋለን፣ ከዚያ ወዲያ አይበላማ። ራሱን እንዳይጥልበት እሳቱን እናጠፋለን። ዘመድ እንሰበስባለን። አንቺ ከዚህ ውስጥ የቱን ሳትነግሪኝ ቀረሽ? ፎቶዋንም አውጪ አልሽኝ።»

አንድ በአንድ እውነት ነው። ለብርሃን፣ ለጭስ፣ ለምስል ብዬ ያልኩት ሁሉ እሳቸው ጆሮ ውስጥ ሞት ሆኖ ነው የገባው። እሳቸው ለየሺ፣ «ልጅቷ ሰው ሰብስቢ ብላኛለች» ብለው ነግረዋል፤ የሺ ለጎጡ ሁሉ ነገረች፤ እያንዳንዱም ሌላው ያውቃል ብሎ መጣ። በግቢው ውስጥ ልጅቷ መሞቷን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን እያለቀሰ ነበር።

«እማማ» አልኳቸው መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ «ጭስ ስለሚያስቸግረኝ ነው። የጠዋት ፀሐይ ፊት ላይ ስለሚያምር ነው። ሌላ ምንም የለም። ስምዎትን እንጂ ልጅዎን በምን አውቄያት?»

ትንሽ ያመኑኝ መሰሉ። ከዚያ ግን ዓይናቸው እኔን አልፎ አጥሩ ጋ ወደቆሙት ወንድማቸው ሄደ። «እሺ፣ ይቺ አታውቅም እንበል። ደመቀ! አንተስ? ትናንት ስሟ ሲነሳ ፊትህ ሲጠቁር አይቻለሁ። እኔን ታታልለኛለህ? የስንቱን ፊት ያነበብኩ ሴትዮ!»

አያ ደመቀ አንገታቸውን ደፉ።

«በሕይወት አለች እታለም።»

«በምን አወቅህ?»

በጎን እኔን አዩኝ። «ይቺ ባለችበት አልናገርም» አሉ። «ማን እንደላካት አናውቅም።»

«እኔን ነው?» አልኩ ደሜ ፈልቶ። «እናት ፊትዎ እየሞተች እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«አንቺም እኔን ስትጠረጥሪ ነው የዋልሽው» አሉኝ። ልክ ናቸው።

እማማ ዘሪቱ ተነሱ። ሲነሱ ሁሉም ተነሳ። «ነገር አልፈልግም» አሉ። «ድምጿን አሰማኝ። ድምጿን ካላሰማኸኝ ልጄ ሞታለች፣ አንተም ወንድሜ አይደለህም።»

በዚያች ጎጥ ስልክ የሚሠራው ከላይ፣ ጅብራው የበቀለበት ተረተር ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ሽቅብ ወጣን። እማማ ዘሪቱ ከፊት፣ አያ ደመቀ ከኋላቸው፣ እኔ ካሜራዬ አንገቴ ላይ እንደተከፈተ፣ ከኋላችን ጎጡ በሙሉ። ነጠላውን ያስተካከለ ሰው የለም፤ ማን ደፍሮ! ብትሞትስ? የሚያለቅስም የለም፤ ባትሞትስ? የጫማና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ መጸለይ ካቆምኩ ቆይቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን የማላውቃትን ልጅ ስም እየጠራሁ ተሳልኩ።

ተረተሩ ላይ ስንደርስ ንፋሱ ያንገዳግዳል። አያ ደመቀ ስልካቸውን ከውስጥ ኪሳቸው አወጡ። ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ።

«እንደገና» አሉ እማማ ዘሪቱ።

ጠራ። ጠራ። ማንም አላነሳም። እማማ ዘሪቱ ወንድማቸውን በሚያስፈራ ዓይን ያዩ ጀመር። እኔም ሰውዬው የማይሠራ ቁጥር እየደወሉ ጊዜ እየገዙ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ አመል መቼ ይለቃል።

«አንዴ ብቻ፣ አንዴ» አሉ አያ ደመቀ በሚለምን ድምፅ። ደወሉ። ጠራ። ከዚያ ተነሳ።

የእንቅልፍ ድምፅ ነበር፣ ወዲያው ግን የነቃ። «አያ? አያ ደመቀ? ማን ሞተ?»

ለስንቱ ሟች ግጥም የማያጡት እማማ ዘሪቱ አፋቸውን ከፍተው ቃል አጡ።

«በዚህ ሰዓት በከንቱ አትደውልም! ንገረኝ! እማዬ ናት አይደል? እማዬ ናት! አውቄዋለሁ! ወይኔ እናቴን!» ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ተንሰቅስቃ ማልቀስ ጀመረች።

እማማ ዘሪቱ ስልኩን ከወንድማቸው እጅ መነተፉት። «እኔማ አለሁ!» ብለው ጮሁ። «አንቺ ነሽ የሞትሽው!»

«እማዬ? እማዬ! ምን ሆነሻል? ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም! ፊልም ነው!»

«የምን ፊልም?»

ተረተሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ፈነዳ። እልል ያለው እልል አለ፣ መሬት የሳመው ሳመ፣ ክንዴን የያዙኝ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ያቅፉኝ ጀመር። እማማ ዘሪቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይመርቃሉ። ፀሐይዋ ያኔ ከጉና ጀርባ ወጥታ ፊታቸው ላይ አረፈች፤ ያ ሳሳድደው የነበረው ብርሃን! ሳላስበው ካሜራዬን ይዤ አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

አዩኝ። ያዘቀዘቁትን ነጠላ ከትከሻቸው መዘዙና ካሜራዬ ላይ ጣሉት።

«ለቅሶዬን ወስደሻል» አሉኝ። «ይሄኛው የራሴ ነው።»

በኋላ ነገሩ ሁሉ ተዘረገፈ። ማርነሽ አሠሪዎቿ ስላስመረሯት ከቤታቸው ጠፍታ፣ ሌላ ቦታ ተደብቃ ትሠራ ነበር። ቁጥር ቀይራለች። እናቷ ሰምታ በሐሳብ እንዳትሞት ብላ ለአጎቷ ብቻ ነግራ አስምላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ስለ ልጅቷ የምትጠይቅ ካሜራ የያዘች ሴት ስትመጣባቸው አሳልፋ ልትሰጣት ነው ብለው ፈሩ፤ ለቅሶውም እሳቸውን ለማናገር የተሸረበ ተንኮል መስሏቸው ነው እስከ መጨረሻው አፋቸውን የያዙት። እማማ ዘሪቱ ወንድማቸውን እስከ ቡሄ ድረስ አላነጋገሯቸውም፤ ምሳ ግን ይልኩላቸው ነበር። ዛሬ ማርነሽ ተመልሳ ደብረ ታቦር ሱቅ ከፍታለች። «ጻፊው፣ አሁን ምን ቸገረኝ» ያለችኝ እሷ ናት።

ያን ዕለት ከተረተሩ ስንወርድ እማማ ዘሪቱ ቤታቸው አስቀመጡኝና፣ «የጠዋቱን አጥፊልኝ» አሉኝ። «በሕይወት ላለች ልጅ የወረደ ሙሾ ዓለም ላይ መቀመጥ የለበትም። አንድ ቀን ሰምቶ የሚመጣ አለ።»

እኔ ያን የመሰለ ነገር ቀርጬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልቀረጽኩም። አጠፋሁት ብላቸው በምን ያውቃሉ? እውነት ለመናገር አሰብኩት። ቀና ስል እነዚያ ፊት የሚያነቡ ዓይኖች ላዬ ላይ ናቸው። ፊታቸው አጠፋሁት።

«አጠፋሽው?»

«አዎ።»

«ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ደብቃዋለች ብላችሁ እንደምትጠረጥሩኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ፈልጉት፣ የለም። ፊልሙ ውስጥ ያለው እንዝርቱ፣ እጃቸው፣ ሽቅብ የሚሄድ ሕዝብ፣ ከዚያ ነጠላው ነው።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቤት ካሜራ ይዤ ስገባ የመጀመሪያ ቃሌ «ማንም አልሞተም» ነው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጎህ ሲቀድም አልቀርጽም፤ የምሄደው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። የሙያ ጓደኞቼ ብርሃኑ ደረቅ ነው፣ ፊት ያስጠላል ይሉኛል። ያስጠላ። ለእኔ ምስል ማማር ብዬ የሰው እናት ሳይነጋ ቀስቅሼ በር ላይ አላቆምም። ሩቅ አገር ልጅ ያለው ሰው የሚሰማው የተነገረውን አይደለም፤ የሚፈራውን ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት ከዚያች ሴት ፊት ነው።

በቅርቡ ፊልሙን ደብረ ታቦር አሳየሁት። እማማ ዘሪቱ ከፊት ወንበር፣ ማርነሽ ከጎናቸው፣ አያ ደመቀ ከኋላ። አለቀ፣ መብራት በራ፣ ማይክራፎኑ ዞረ። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ተነሳና እንደተለመደው፣ «ነጠላው ምንን ለማመልከት ነው?» አለ። እኔ ጉሮሮዬን ስጠራርግ እማማ ዘሪቱ ተነሱና ወደ ልጁ ዞሩ።

«ከልጄ ጋር እያወራሁ ነበራ!» አሉት። «አንተን ምን አገባህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማርነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አላወቅሁም። ደግነቱ ያን ቀን ካሜራዬን ቤት ትቼው ነበር የመጣሁት።